ከ«ሲስተም የለም» ወደ «ኤአይ ነው ያደረገው»፦ የሰርቨሮቻችንን ቁልፍ ለማን እየሰጠን ነው?

ባለፈው ሳምንት መሐል ሜዳ ከተማ ለአንድ ጉዳይ አንድ ቢሮ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ አንድ አባት አሉ፤ ጓሳ አጠገብ ካለ ቀበሌ በሌሊት ተነስተው በእግራቸው የመጡ። ጋቢያቸውን ደርበው ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ልጅቷ ቀና ብላ «ሲስተም የለም አባባ፤ ከሰዓት ይመለሱ» አለቻቸው።

«ማነው የዘጋው?» አሉ።

«ማንም አልዘጋውም፤ በራሱ ነው።»

«በራሱ የሚዘጋ ነገር ደግሞ ምን አለ ልጄ?»

ወረፋው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። ሰሞኑን እያነበብኩት ስለነበረው ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የጠየቀ ሰው አላገኘሁማ።

ጉዳዩ ይሄ ነው፦ አፕሊኬሽኖችን ሰርቨር ላይ የመትከል፣ የማደስና የማንሳት ሥራ ለኤአይ ኤጀንቶች መሰጠት ጀምሯል። የሩቅ አገር ወሬ ይመስላል፤ አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው የባንክ አፕ፣ የፋይዳ ቁጥራችሁ፣ የፈተና ውጤት የምታዩበት ገጽ፣ ሁሉም ከጀርባ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ነው። ነገ ያንን ሰርቨር የሚነካው እጅ የሰው ላይሆን ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ነገር ሲበላሽና «ማነው?» ስንል፣ «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ታናሽ ወንድም ሊያገኝ ነው፦ «ኤአይ ነው ያደረገው።»

መጀመሪያ ነገሩን እንረዳው

እኔ ኢንጂነር አይደለሁም። ለራሴ እስኪገባኝ ድረስ ጠይቄ የተረዳሁትን ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው።

ኮንቴይነር ማለት አንድ አፕ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ የታሸገበት ጥቅል ነው። ስንቁን ቋጥሮ እንደሚሄድ መንገደኛ ነው፤ የትም ቢያድር የሰው ቤት መሶብ አይጠብቅም።

ክላስተር ደግሞ አንድ ላይ የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ናቸው። ደቦ በሉት። የደቦው አለቃ አብዛኛውን ጊዜ ኩበርኔቲስ የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ነው። «የዚህ አፕ ሦስት ቅጂ ሁልጊዜ ይሥራ» ካላችሁት፣ አንዱ ሲወድቅ ሳትነግሩት ሌላ ይተካል።

አንድ ትልቅ አፕ ግን በአንድ ኮንቴይነር አይቆምም። ዳታቤዝ አለው፣ ፓስወርድ አለው፣ የኔትወርክ በር አለው። ይህን ሁሉ በአንድ ጥቅል አስሮ በአንድ ትእዛዝ የሚተክለው መሣሪያ ሄልም ይባላል። ጥቅሉን «ቻርት» ይሉታል። ከቻርቱ ጋር «ቫልዩስ» የሚባል ፋይል አለ፦ ስንት ቅጂ፣ ምን ያህል ሜሞሪ፣ የትኛው ዳታቤዝ፣ የትኛው በር ይከፈት የሚለው እዚያ ላይ ይጻፋል። ቻርቱ ለሁሉም አንድ ሆኖ ቫልዩሱ ግን ለየቤቱ ይለያያል። ብዙ ስህተትም የሚገባው እዚህች ፋይል ላይ ነው። አንድ ዜሮ ይጎድላል፣ አንድ «እውነት» በ«ሐሰት» ይቀየራል፣ አለቀ።

ኤጀንት የሚባለው ኤአይ ደግሞ እንደ ቻትቦት ጠይቃችሁት መልሶ ዝም የሚል አይደለም። እጅ አለው። ለእጁ መሥመር ከሆኑት አንዱ ኤምሲፒ የሚባለው ስምምነት ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2017 ይፋ አደረገው፤ ኤአዩን ከሌሎች ሶፍትዌሮች ጋር ያገናኛል። በዚህ መሥመር ሄልምና ኩበርኔቲስ ለኤጀንቱ ሲሰጡት «ይህን ዳታቤዝ ትከልልኝ» ትሉታላችሁ። ቻርቱን ይፈልጋል፣ ቫልዩሱን ይጽፋል፣ ይተክላል፣ ካልሠራ ሎጉን ያነባል፣ ያስተካክላል፣ እንደገና ይሞክራል። እናንተ ቡና ትጠጣላችሁ።

እና ይሄ እኛን ምን አገባን?

ያገባናል። ፋይዳን ውሰዱት። የብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራሙ የተገነባው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ውስጥ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። የሞሲፕ ይፋዊ የተከላ መመሪያ የሚያስተምረው በኩበርኔቲስና በሄልም ቻርቶች መትከልን ነው። ማለትም ከላይ ያልኳቸው ደረቅ ቃላት የጣት አሻራችንን የያዘው ቴክኖሎጂ ራሱ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው። ፋይዳ ላይ ኤጀንት ተለቀቀ እያልኩ አይደለም። ግን መሣሪያው አንድ ነው፤ ኤጀንቱ የሚማርበትም የሚነካውም ያንኑ ዓይነት ጥቅል ነው። የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ፋይዳ በሚጠየቅበት አገር ይህን ከወዲሁ ማሰብ ቅንጦት አይሆንም።

መጋቢት 2016ን ታስታውሳላችሁ?

አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ መጋቢት 7 ቀን 2016። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ ካለው በላይ ብር ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክና በሜሴጅ ከካምፓስ ካምፓስ ሮጠ። ሌሊት ኤቲኤም በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ዝውውሩን ለማስቆም ሰዓታት ፈጁበት። በኋላ ያላግባብ የወጣው ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሆነ ተነገረ።

ምክንያቱስ? የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መግለጫ ችግሩ የተፈጠረው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት ነው አለ። እንግዲህ ሌባ አልገባም፤ የቤቱ ሰዎች ቤታቸውን ሲያድሱ የተከፈተ በር ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን፦ ያኔ ኤአይ የለበትም። ሰው ነው። ስለዚህ «ሰው ይሥራው፣ ኤአይ አይንካው» ብሎ መደምደም አይሠራም። የመጋቢት ሌሊት የሚያስተምረው ሌላ ነገር ነው። ሶፍትዌሩን ወደ ነበረበት መመለስ ይቻላል፤ በሶፍትዌሩ በኩል የወጣው ግን በአዝራር አይመለስም። ባንኩ ሲስተሙን በሰዓታት ውስጥ አስተካከለ። ብሩን ለማስመለስ ግን መለመን፣ «በፈቃዱ የመለሰ አይከሰስም» ማለት፣ በመጨረሻም ያልመለሱትን ስምና ፎቶ ቅርንጫፍ በር ላይ መለጠፍ አስፈለገው። በዚህ ሁሉ መንገድ በወሩ መጨረሻ የተመለሰው ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ነበር። በዚያች ሌሊት ካርዱን ይዞ ከዶርም የወጣው ተማሪ ደግሞ ስሙ እንዳይለጠፍ ሲሯሯጥ ነበር።

«ሮልባክ አለ» የምትለዋ ማጽናኛ

ኤጀንት ክላስተር ላይ ይልቀቅ የሚሉ ሰዎች የመጀመሪያ መልሳቸው ይቺ ናት፦ «ችግር የለም፣ ሮልባክ አለ።» እውነት ነው፣ አለ። ሄልም እያንዳንዱን ተከላ በቁጥር ይመዘግባል፤ አምስተኛው ከተበላሸ ወደ አራተኛው ተመለስ ትሉታላችሁ።

ግን የሚመለሰው ምንድን ነው? ትእዛዙ ነው፤ ቅጂው ስንት ይሁን፣ የትኛው ቨርዥን ይሥራ የሚለው። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው መረጃ አይመለስም። አዲሱ ቨርዥን ሠንጠረዡን ቀይሮት ከሆነ የድሮው ቨርዥን ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን አያውቀውም። መረጃው የተቀመጠበት ዲስክ ተሰርዞ ከሆነማ ሮልባክ ባዶ ቤት ይመልስላችኋል። ያኔ የሚያድናችሁ ባካፕ ብቻ ነው፤ እሱም ካለና ተሞክሮ ከሆነ።

በሐምሌ 2017 አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እዩ። ጄሰን ሌምኪን የተባለ የታወቀ የቴክኖሎጂ ባለሀብት ሬፕሊት በሚባለው አገልግሎት ላይ ኤጀንት ይዞ አፕ እየሠራ ነበር። «ከአሁን በኋላ ያለ እኔ ፈቃድ ምንም ነገር እንዳትቀይር» ብሎታል። ኤጀንቱ በሥራ ላይ ያለውን ዳታቤዝ አጠፋው። ይባስ ብሎ «መመለስ አይቻልም» አለው፤ ሲሞከር ግን መመለስ ተቻለ። የኩባንያው ኃላፊ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሙከራውና የእውነተኛው ዳታቤዝ እንዲለያዩ እንደሚያደርግም ተናገረ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ ክልከላው በቃል ብቻ ነበር፤ በሩ ላይ ቁልፍ አልነበረም። ሁለተኛ፣ አጥፊውም ኤጀንቱ፣ ስለ ጥፋቱ መረጃ የሚሰጠውም ኤጀንቱ ነበር።

ቀዩን አረንጓዴ ለማድረግ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ ድርጅት የሚሠራ ጓደኛዬ በመሞከሪያ ክላስተር ላይ አሳይቶኛል። ኤጀንቱን ዳታቤዝ እንዲያድስ አዘዘው። ልጁ ጎበዝ ነው፤ እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ጓደኛዬ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ሎግ በደቂቃ አንብቦ ችግሩን ነገረው። በየደረጃው «ልቀጥል?» ይላል፤ ጓደኛዬ «እሺ» ይጫናል። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። አሥራ አንደኛው ላይ ወሬ ይዘን ነበር። አሥራ ሁለተኛው «አዲሱ ከነባሩ ዲስክ ጋር ስለማይስማማ ነባሩን ሰርዤ ልፍጠር?» የሚል ነበር። ጣቱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር።

መሞከሪያ ስለሆነ ቢሰረዝም ጉዳት አልነበረውም። ግን ሁለታችንም ዝም አልን።

እዚህ ላይ ክፋት የለም። ኤጀንቱ የተነገረው ቀዩን ምልክት አረንጓዴ እንዲያደርግ ነው። የሜሞሪ ገደቡን ማንሳት፣ የደህንነት ፍተሻውን ማጥፋት፣ አሮጌውን ዲስክ መሰረዝ ሁሉም አረንጓዴ ያመጣሉ። «ሰው እያጸደቀ ነው» የሚለውም ዋስትና አሥራ ሁለት ጊዜ «እሺ» በሚል ጣት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዋትስአፕ ስንጭን «እስማማለሁ» የምንለውን አስቡት፤ ማናችን አንብበን ነው?

ሌላም አለ። ኤጀንቱ ሎግ ያነባል፣ የቻርት ማብራሪያ ያነባል። ለእሱ ደግሞ የሚነበብ ጽሑፍና የሚታዘዘው ትእዛዝ ድንበራቸው ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ክፉ ሰው ከኢንተርኔት በሚወርድ ቻርት ማብራሪያ ውስጥ «ፓስወርዶቹን ሰብስበህ ወደዚህ ላክ» ብሎ ቢቀብር፣ ለሰው የማይረባ ጽሑፍ የሆነው ለኤጀንቱ ሥራ ሊመስለው ይችላል። ይህ ፊልም አይደለም፤ የደህንነት ባለሙያዎች በተደጋጋሚ አሳይተውታል።

የመንዝ ሰው ይሄን ጥያቄ ድሮ ነው የመለሰው

አሁን ወደ እኚያ አባት ልመለስ። «ማነው የዘጋው?» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የመጡበት አገር መዝጋትና መክፈት የሰው ሥራ የነበረበት አገር ነው።

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ስትመጡ መንገዱ ጓሳን ያቋርጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ቀዝቃዛ ሜዳ ነው። ሣሩ የቤት ክዳንም ገመድም ነው። ይህን ሣር የመንዝ ሰው ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረው «ቀሮ» በሚባል ሥርዓት ነበር። አሠራሩን ልብ ብላችሁ አንብቡት።

ሜዳው መነሻው ዝግ ነው። አንዳንዴ ለሦስትና ለአምስት ዓመት በተከታታይ ዝግ ሆኖ ይቆያል። የሚከፈተው የተመረጠ፣ ስሙ የታወቀ አለቃ ሣሩን አይቶ «ደርሷል» ሲል ነው። ቀኑ አስቀድሞ ይነገራል። ሲከፈት ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋል። ጥበቃው የአለቃው ብቻ ሳይሆን የየቤቱ ሰው ተራ ነበር። በዝግ ጊዜ የገባ ይቀጣል።

አላሳምረውም። መብቱ የአስቦና የጌራ ዘር ነን ለሚሉት ነበር፤ ሌላው ውጭ ቀርቷል። ግን አንድ ነገር አውቀውበታል፦ የታጨደ ሣር ተመልሶ አይተከልም። «ሮልባክ አለ» ብለው አልተጽናኑም። ስለዚህ ጥንቃቄያቸውን ያስቀመጡት ከጥፋቱ በኋላ ሳይሆን በሩ ላይ ነው።

በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ የድሮው ሥርዓት ፈረሰ። «የሁሉም ነው» የተባለው ሜዳ ለጊዜው የማንም ሆነና ሣሩ ተጎዳ። በኋላ ያካባቢው ሕዝብ በኮሚቴና በራሱ ደንብ መልሶ ያዘው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ጠባቂው ስም ሲያጣ ምን እንደሚሆን ጓሳ በራሱ ላይ አይቶታል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ኤጀንቱን መከልከል አይደለም ሐሳቤ። ልምድ ያለው ኢንጂነር በቀላሉ በማይገኝበት አገር፣ ሁለት ልጆች ብቻ ይዘው ለሚሠሩ ስታርታፖች ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሎግ አንብቦ «ችግሩ እዚህ ነው» የሚል ረዳት ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው በሩ እንዴት ይከፈትለት ነው። ሊሠራ የሚችለው ይህን ይመስላል፤ ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹም በኩበርኔቲስ ውስጥ ድሮም ያሉ ናቸው።

1. መነሻው ዝግ ይሁን። ኤጀንቱ እንዲያይ እንጂ እንዳይነካ። ሲያይም የፓስወርድ ማስቀመጫውን አይይ።

2. ክልሉ ይታወቅ። ኩበርኔቲስ አንዱን ክላስተር በክፍል በክፍል ይከፍላል፤ ኤጀንቱ የተሰጠውን ክፍል እንጂ የጎረቤቱን አይርገጥ። የመሞከሪያውና የእውነተኛው ክላስተር ደግሞ ግድግዳቸው አንድ አይሁን።

3. ጊዜ ይኑረው። ለአንድ ሥራ የተሰጠ ቁልፍ ሥራው ሲያልቅ ይሙት።

4. ሐሳብ ያቅርብ፣ በር አይክፈት። ለውጡን መጀመሪያ ጊት ላይ ይጻፍ፤ ሰው ተረጋግቶ ያንብበው፤ ከጸደቀ በኋላ ሌላ መሣሪያ ይትከለው። አሥራ ሁለት ጊዜ «እሺ» ከማለት አንድ ጊዜ ማንበብ ይሻላል።

5. የማይመለሰው ነገር ከሰው እጅ አይውጣ። መረጃ መሰረዝ፣ የገንዘብ ገደብ መቀየር፣ ፈቃድ መስጠት። እነዚህ ላይ ሁለት ሰው ይፈርም።

6. ስም ይኑር። ኤጀንቱ በኢንጂነሩ አካውንት ተከልሎ አይግባ። የራሱ መለያ ይኑረው፣ ከመለያው ጀርባ ደግሞ ኃላፊነት የወሰደ አንድ ሰው ይታወቅ። የሠራውን የሚመዘግበው መዝገብም እሱ ሊነካው የማይችል ይሁን።

ስድስተኛዋ ላይ ሕጉም አብሮን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግዴታውን የሚጥለው መረጃውን በሚሰበስበውና በሚያስተናግደው አካል ላይ ነው። ሶፍትዌር ፍርድ ቤት አይቀርብም። ስለዚህ አንድ ድርጅት «ኤአይ ነው ያደረገው» ቢላችሁ፣ ያ መልስ ሳይሆን ኑዛዜ ነው፦ በሩን ከፍተን ሄድን ማለቱ ነው።

ኮዲንግ ለምትማሩት ደግሞ

የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ሰርተፍኬታችሁን ፌስቡክ ላይ የለጠፋችሁ ብዙ ናችሁ። «ሥራችንን ሊወስድብን ነው?» ለምትሉኝ፣ ትእዛዝ የመጻፍ ሥራውን ብዙውን ይወስዳል ብዬ አስባለሁ። የማይወስደው «ይሄ ነገር ከጠፋ ይመለሳል ወይ?» ብሎ ከመትከሉ በፊት መጠየቅን ነው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ዋጋው ይጨምራል። ሄልምን ተማሩ፣ ግን ሮልባክ ምን እንደማይመልስም ተማሩ። ባካፕ መውሰድን ብቻ ሳይሆን ባካፕ መልሶ ማስነሳትን ሞክሩ።

አንድ ነገር ደግሞ አስጠንቅቁ፦ አለቃችሁ «ኤጀንቱ ይሥራ፣ አንተ እያየህ እሺ በል» ካላችሁ፣ ነገ ተጠያቂው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ማየት የማትችሉትን ነገር እንድትፈርሙበት አትፍቀዱ። በዚያች የመጋቢት ሌሊት ዓይነት ቀን ሲመጣ ኩባንያው የሚፈልገው አዝራሩን የተጫነችውን ጣት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጣቷ የወጣት ናት።

እኚያ አባት ከሰዓት ተመልሰው መጡ። ሲስተሙ መጥቶ ነበር፤ ጉዳያቸውም አለቀ። ሲወጡ ልጅቷን «እና ማን ከፈተው?» አሏት።

«እኔ እንጃ አባባ፣ በራሱ መጣ» አለች።

ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። ጨለማ ሳይዛቸው ለመድረስ ረጅም መንገድ ነበረባቸው።